ከደብረ ታቦር እስከ አይሻል፡- የራስ አሊ አሉላ ሽንፈቶች

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አካባቢ፣ ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ አብዛኛውን ጊዜ ስሟ የሚነሳው ከዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስና በአቅራቢያዋ በጋፋት ከተቋቋመው የመድፍ ማምረቻ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁንና ከአፄ ቴዎድሮስ በፊት ለ22 ዓመታት ያህል ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በአገሪቱ ከፍተኛውን ሥልጣን ይዘው የቆዩት ዳግማዊ ራስ አሊ፣ በሙሉ ስማቸው ራስ አሊ አሉላ ነበሩ።

ራስ አሊ በታሪክ በይበልጥ የሚታወሱት በአይሻል ጦርነት ድል በመሆናቸው ነው። የዘመነ መሳፍንት ታሪክ ሲመረመር ግን አይሻል ብቸኛው ሽንፈታቸው እንዳልነበር ይታያል። በገዛ ከተማቸው ደጃፍ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን ያቆዩበት ጊዜ አለ። በተከታታይ ተሸንፈው ሁሉንም ያጡበት ጊዜም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወት ታሪካቸው ዋና ቁም ነገር ነው።

ራስ አሊ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም ገደማ ነው። አባታቸው ደጃዝማች አሉላ፣ ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የየጁው መስፍን የራስ ጉግሣ ልጅ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን ሊበን የወረሂመኖ ገዥዎች ተወላጅ ነበሩ። ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም ካረፉ በኋላ ሥልጣኑ በልጆቻቸው በራስ ይማም፣ በራስ ማርዬና በራስ ዶሪ እጅ ተራ በተራ ገባ። ራስ ማርዬ በየካቲት ወር 1823 ዓ.ም ከትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር ባደረጉት የደብረ ዓባይ ጦርነት ሕይወታቸው አለፈ። ተተኪው ራስ ዶሪም ብዙ ሳይቆዩ በመሞታቸው ሥልጣኑ ገና የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ለነበሩት ለአሊ ተላለፈ።

ልጁ ራስ ጉዳዮቹን የሚመራላቸው የመኳንንት ሸንጎ ተቋቋመ። ከሁሉ በላይ ግን ተሰሚ የነበሩት እናታቸው ወይዘሮ መነን ናቸው። ወይዘሮ መነን ኋላ የጎንደሩን ንጉሠ ነገሥት ሣልሳዊ አፄ ዮሐንስን በማግባት እቴጌ ተብለዋል። በዚያን ዘመን በጎንደር የነበሩት ነገሥታት የማዕረጉ እንጂ የሥልጣኑ ባለቤቶች እንዳልነበሩ የሚታወቅ ነው። አንጋሹም አውራጁም በደብረ ታቦር የሚቀመጠው ራስ ነበር። እንደራሴነቱም ቢሆን የቆመው በራሱ በራሱ በሚተዳደር መስፍን ላይ ነው። የሰሜኑና የትግራዩ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ብሩ ጎሹ እያንዳንዳቸው ጦር ያላቸው፣ ሲመቻቸው የሚገብሩ፣ ሳይመቻቸው የሚሸፍቱ ኃይለኞች ነበሩ።

የመጀመሪያው ከባድ ሽንፈት የደረሰው በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። ደጃዝማች ውቤ ወደ ባህር የሚያወጣውን መንገድ ስለያዙ ከሌሎች መሳፍንት የላቀ የጠመንጃ ብዛት ነበራቸው። የራስ አሊ ጦር በአንጻሩ ዋና መመኪያው የየጁ ፈረሰኛ ነበር። በ1834 ዓ.ም መጀመሪያ አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ከግብፅ መምጣታቸው ደግሞ ለውቤ ተጨማሪ ጉልበት ሆነላቸው። የየጁዎቹ መሳፍንት ለእስልምና ያደላሉ የሚለው ክስም ለዘመቻው ማነሳሻ ሆኖ አገልግሏል።

የካቲት 1 ቀን 1834 ዓ.ም ሁለቱ ጦሮች ደብረ ታቦር ላይ ገጠሙ። የውቤ ነፍጠኞች በለጡ፤ የራስ አሊ ጦር ተፈታ፤ ራስ አሊም ከጦር ሜዳው ሸሹ። ድሉ ግን በአሸናፊው እጅ አልቆየም። ውቤ ድላቸውን በማክበር ላይ ሳሉ የራስ አሊ ዘመድና ባለሟል ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው። የተሸነፈው ወገን አሸናፊውን አሰረ። ራስ አሊም ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰው በመንበራቸው ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ የተወሰደው ውሳኔ የራስ አሊን አገዛዝ ጠባይ የሚያሳይ ነው። ውቤ ለረጅም ጊዜ አልታሰሩም፤ በእርቅ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። በዘመኑ ልማድ ይህ የሚያስነቅፍ አልነበረም። መስፍን መስፍንን አጥፍቶ ግዛቱን በቀጥታ ለማስተዳደር የሚያስችል የመንግሥት መዋቅር ባለመኖሩ የተማረከውን ማስገበር ከማጥፋት የቀለለ ነበር። ነገር ግን ለሽንፈቱ መንስኤ የሆነው ጉድለት፣ ማለትም የጠመንጃው ማነስና የጦሩ ሥርዓት መላላት፣ በዕድል የተገኘው ድል ስለሸፈነው ሳይታረም ቀረ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከቋራ ነው። በምዕራቡ ቆላ የሸፈተው ካሳ ኃይሉ እየበረታ በመምጣቱ፣ የራስ አሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን በመዳር ወደ ቤተ ሰቡ ለማቅረብ ተሞከረ። ጋብቻው ግን ሰላም አላመጣም። ካሳ እንደገና ሸፍተው ደምቢያንና ጎንደርን ያዙ። በሰኔ ወር 1839 ዓ.ም ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተደረገው ውጊያ እቴጌ መነን ቆስለው ከባለቤታቸው ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተማረኩ። ራስ አሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ካሳን የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተው ደምቢያን አጸደቁላቸው። በድጋሚ ሽንፈት በእርቅ ተዘጋ። የአሁኑ እርቅ ግን ተማራኪውን ሳይሆን ማራኪውን ባለግዛት ያደረገ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ደጃዝማች ካሳ ራሳቸው በሱዳን ድንበር አካባቢ ምሽግ ይዞ መድፍ በደገነ የግብፅ ጦር ክፉኛ ተመቱ። ካሳ ከዚህ ሽንፈት የወሰዱት ትምህርት፣ ብዛትና ጀግንነት ብቻውን ሥርዓት ያለውን ጦርና መድፍን እንደማይችል ነው። ከዚያ ወዲህ ለወታደር ሥልጠናና ለመሣሪያ የሰጡት ትኩረት እስከ ጋፋት የዘለቀ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ራስ አሊ በውጭ ግንኙነት ረገድ አንድ እርምጃ ወስደዋል። በጥቅምት ወር 1842 ዓ.ም ከእንግሊዝ ቆንስል ከዋልተር ፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል። ውሉ ግን የጦራቸውን አቋም የለወጠ አልሆነም።

የመጨረሻው ዙር የተከፈተው በ1845 ዓ.ም ነው። ራስ አሊ የካሳን ግዛት ለደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰጥተው እንዲያስገብሩላቸው ላኩ። ኅዳር 19 ቀን ጉር አምባ ላይ ጎሹ ተሸንፈው ሞቱ። ሚያዝያ 5 ቀን ደግሞ ራስ አሊና ደጃዝማች ውቤ በጋራ የላኩት ጦር ጣቁሳ አካባቢ ተመታ። ከሞቱት መካከል ከ11 ዓመት በፊት ውቤን በመማረክ የራስ አሊን መንበር ያተረፉት ብሩ አሊጋዝ ይገኙበታል። ብዙም ሳይቆይ ካሳ ወደ ቤጌምድር ደጋ ወጥተው ደብረ ታቦርን አቃጠሉ።

ራስ አሊ በጎጃም ሆነው የመጨረሻውን ግጥሚያ ጠበቁ። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም አይሻል ላይ የተደረገው ጦርነት በዘመነ መሳፍንት ከታዩት ደም አፋሳሽ ውጊያዎች አንዱ ነበር። የየጁ ፈረሰኛ በብርቱ ቢዋጋም በመጨረሻ ተፈታ። ራስ አሊም ወደ አባቶቻቸው አገር ወደ የጁ ሸሹ። በዚህ ጊዜ አሸናፊውን የሚማርክ ብሩ አሊጋዝም፣ ሽንፈቱን የሚዘጋ እርቅም አልነበረም። ወይዘሮ ተዋበችም በአባታቸውና በባለቤታቸው መካከል በተደረገው በዚህ ጦርነት ከባለቤታቸው ጎን የቆሙ ሲሆን፣ ኋላ ንግሥት ሆነው በ1850 ዓ.ም አርፈዋል።

ደጃዝማች ካሳ በ1846 ዓ.ም ብሩ ጎሹን፣ የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ራስ አሊ ወደ ሥልጣን ሳይመለሱ በ1858 ዓ.ም ገደማ አረፉ።

በደብረ ታቦር የኢየሱስና የእናቲቱ ማርያም አብያተ ክርስቲያናት መታነጽ ለራስ አሊ ይነገራል። በእምነታቸው ይከሰሱ የነበሩት መስፍን ስማቸው በቤተ ክርስቲያን አሠሪነት መቆየቱ፣ ክሱ ምን ያህል ከሥልጣን ሽኩቻው ጋር የተያያዘ እንደነበር የሚያመለክት ነው። እርቅ ወዳድነታቸውም ብዙ ደም መፋሰስን እንዳስቀረ አይካድም። ይሁንና በ1834 ዓ.ም በደብረ ታቦር የታየው ጉድለት፣ በ1845 ዓ.ም በአይሻል ሳይለወጥ መገኘቱ የ22 ዓመት አገዛዛቸው ዋና ድካም ሆኖ ይጠቀሳል። በዕድልም ሆነ በእርቅ የታለፈ ሽንፈት መንስኤው ካልታረመ ተመልሶ እንደሚመጣ የራስ አሊ ታሪክ ያስገነዝባል።