ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እና የለንደን ሆስፒታሎች በር

ነርሶች በባዕዳን ሕሙማን ላይ የሚያሳዩት አድልዎ ሲጠና፣ ነርስ መሆን ለማን ይፈቀድ እንደነበርም መጠየቅ ይገባል። ባዕድን በሥራ ባልደረባነት ያልተቀበለ ክፍል በሕሙምነት እንዴት ያስተናግደዋል? የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

ልዕልቲቱ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ከቤተሰባቸው ጋር ተሰድደው እንግሊዝ አገር ገቡ። በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመዘገቡ፤ ቀጥሎም በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ገፉበት።

በሩ ግን ለሁሉም የተከፈተ አልነበረም። ጃማይካዊው ዶክተር ሃሮልድ ሙዲ በለንደን ሕክምና ተምረው ሳለ፣ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሥራ የተከለከሉት የነርሶቹ ኃላፊ ጥቁር ሐኪም አልቀበልም በማለቷ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የመሠረቱት የጥቁሮች መብት ማኅበርም ጥቁር ልጃገረዶች ከነርስነት ሥልጠና መከልከላቸውን ሲቃወም ኖሯል። ስለዚህ የልዕልቲቱ መግባት አድልዎ ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። የንጉሠ ነገሥት ልጅነታቸውና ለተወረረችው አገር የነበረው ርኅራኄ መንገዱን እንዳቀለሉላቸው መገመት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ወራሪው አዲስ አበባን በዘር የሚከፍል ፕላን ይነድፍ ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ልዕልቲቱ በባዕድ አገር የእንግሊዛውያንን ሕፃናት ሲያስታምሙ፣ ወገኖቻቸው በገዛ ከተማቸው እንደ ባዕድ ይቆጠሩ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ፤ በነሐሴ ወር ግን በ22 ዓመታቸው በለቀምት ዐረፉ። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ ባስተባበሩት የገንዘብ ማሰባሰብ ዘመቻ ታግዞም በአዲስ አበባ በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የአጠናን ጉዳይ ነው። በሩን ያለፈ አንድ ሰው ታሪክ የበሩን ስፋት አይለካም፤ የተመለሱትንም መቁጠር ያሻል። ዛሬ በከተማችን ሆስፒታሎች የሚታከሙ ስደተኞችን አያያዝ የሚያጠና ተመራማሪም፣ በአልጋ ላይ ካገኛቸው ሕሙማን ባሻገር ከካርድ ክፍሉ መስኮት የተመለሱትን ሊፈልግ ይገባዋል።