ዳግማዊ ምኒልክ በክፉ ቀን

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ለተራበ ሰው ምን ልስጥ፥ እንዴትስ ልስጥ ብለህ አስበህ እንደ ሆነ፥ የዳግማዊ ምኒልክን ሕይወት ተመልከት።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመርሳ በስተ ደቡብ ባለችው በውጫሌ ከኢጣልያ ጋራ ውል ሲዋዋሉ፥ በአገሩ ላይ ክፉ ቀን ገብቶ ነበረ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አገር ላገር ተዛምቶ፥ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን እንደ ጨረሰ ይገመታል። ዝናብም ጠፋ፤ የበቀለውንም አንበጣና ተምች በላው። በሬ ያለቀበት ገበሬ ዝናብ ቢመጣለት እንኳ በምን ያርሳል? ስለዚህ ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት በዚያ ዘመን ሁለት ነገር አደረጉ። ጎተራቸውን አስከፍተው ረኃብተኛውን መገቡ፤ ደግሞም ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ፥ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲሁ እንዲያደርጉ አዘዙ። አንባቢ ሆይ፥ አስተውል፤ እንጀራው የዛሬን ነፍስ ያድናል፥ ዶማው ግን የሚመጣውን ዓመት ረኃብ ይከለክላል። የርዳታም ዓላማ ሰውን ለማኝ አድርጎ ማኖር ሳይሆን ወደ እርሻው መመለስ ነው።

ነገር ግን የእንጦጦ ጎተራ ለየጁና ለአምባሰል ሰው ሩቅ ነበረ። ለመሄድ ጉልበት ያለው ይደርሳል፤ አቅም ያጣው ሽማግሌና ሕፃን ግን ከቤቱ ወይም ከመንገድ ይቀራል። እንግዲህ እህል በጎተራ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ደካማው ደጅ መድረስ አለበት።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ60 ዓመት በኋላ፥ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ዳግመኛ ረኃብ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሹማምንት ነገሩን ስለ ሸሸጉት ርዳታው ዘገየ፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብም አለቀ። ችግርን የሚሸሽግ ሰው እህል ከሚነፍግ በምን ይሻላል?

አንተም፥ አንባቢ ሆይ፥ በጎረቤትህ ረኃብ ሲገባ ብታይ አትሸሽገው፤ ፈጥነህ ተናገር። ስትሰጥም ሳይለምንህ ስጠው፤ ሊመጣ ያልቻለውን አንተ ሂድለት፤ ከምግቡም ጋራ ዘር ጨምርለት። በሬ ካለህ ደግሞ በእርሻ ወራት አውሰው፤ ይህን ያገኘ ሰው በሚመጣው መኸር ራሱን ይመግባልና።