ከጫማ ስፌት እስከ ባቡር ሐዲድ፦ የመሐንዲሱ የሙሴ ኢልግ ሕይወት

ከአሰላ ስንዴ ጭኖ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ጎንዴን፣ ኢተያንና ዴራን አልፎ፣ አዋሽን በመልካሳ ተሻግሮ አዳማ ይገባል። አዳማ የዛሬዋ ትልቅ የገበያ ከተማ ልትሆን የቻለችው በአብዛኛው የባቡር ጣቢያ በመሆኗ ነው። በአርሲ ደጋ የሚታረሰው እህል ከመኪና መንገዱ መስፋፋት በፊት ወደ ሩቅ ገበያ የሚወጣበት ዋና በር ይኸው የሐዲድ መስመር ነበር። የዚህን ሐዲድ ሐሳብ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፊት አቅርበው ፈቃዱን የተቀበሉት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። በዘመኑ ሰዎች አንደበት ሙሴ ኢልግ ይባሉ ነበር። ዓመታቱን በእኛ አቆጣጠር እንከተላቸው።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ የቱርጋው ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በፍራውንፌልድ ተወለዱ። የተማሩት ዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ነው። ትምህርት ቤቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ አልበርት አንስታይንን ያስተማረ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግን ዋና ሥራው ለድልድይ፣ ለመሿለኪያና ለባቡር ሐዲድ የሚሆኑ መሐንዲሶችን ማፍራት ነበር። ለእነዚህ መሐንዲሶች ትልቁ ቀጣሪ የባቡር ኩባንያ ነው። ችግሩም የመጣው ከዚያው ነው።

በ1865 ዓ.ም. የቪየና የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ውድቀቱ ብዙም ሳይቆይ ኒው ዮርክ ደረሰ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱና ትልቁ በብድር የተሠራው የባቡር ሐዲድ ከሚያስገባው ገቢ በላይ መብዛቱ ነበር። ስዊዘርላንድ ትንሽ ዘግይታ ተመታች። በአልፕስ ተራሮች ሥር የሚቆፈረው የጎትሃርድ መሿለኪያ ከተገመተለት ወጪ እጅግ አለፈ፤ ብሔራዊ ባቡር ይባል የነበረው ኩባንያም በ1870 ዓ.ም. ከሰረ። ከፍራውንፌልድ ብዙም የማትርቀው የቪንተርቱር ከተማ ለዚህ ኩባንያ ዋስ ሆና ስለነበር ዕዳውን እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ስትከፍል ኖራለች።

ገበሬውም አልተረፈም። ባቡርና የእንፋሎት መርከብ የአሜሪካንና የሩሲያን ስንዴ በርካሽ እያጓጓዙ አውሮፓ ስላራገፉት የእህል ዋጋ ወደቀ። የስዊዝ ገበሬ የስንዴ ማሳውን ወደ ግጦሽ እየለወጠ ላምና አይብ ላይ አተኮረ። በስንዴው ለሚኖር አካባቢ ይህ ሊታለፍ የሚገባው ዝርዝር አይደለም። የማጓጓዣ ዋጋ ሲወርድ አንዱን ገበሬ ከገበያ ያገናኛል፤ ሌላውን ደግሞ ከሩቅ ባላንጣ ጋር ያጋፍጣል።

ኢልግ ዲፕሎማቸውን ይዘው የወጡት በዚህ ድቀት መካከል ነው። በዚያው ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሙያ የሚያውቁ አውሮፓውያን እንዲፈለጉላቸው በኤደን ወደብ ለሚነግዱ ስዊሶች አስታውቀው ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ጥሪውን ተቀብለው ከሁለት የአገራቸው ልጆች፣ ከእጅ ባለሙያዎች ጋር፣ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። ሃያ አምስት ዓመት ገና አልሞላቸውም ነበር።

አንኮበር ያኔ ሐዲድ ቀርቶ የጋሪ መንገድ የላትም። ንጉሡ ከመሐንዲሱ በመጀመሪያ የፈለጉት ጫማ እንዲሠሩላቸው እንደነበር ይተረካል። ቀጥሎ ጠመንጃ ታዘዙ ይባላል፤ ሠርተው ካቀረቡ በኋላ ግን ከውጭ ገዝቶ ማስመጣቱ እንደሚረክስ ለንጉሡ በግልጽ ተናገሩ። ከፖሊቴክኒክ የወጣ ሰው ጫማ ሊሰፋ መቀመጡን ዛሬ የሚሰማ ተመራቂ ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም። ኢልግ ግን በዚያ ሥራ የንጉሡን እምነት አገኙ። ንጉሡም ሰውየው እጁ እንደሚሠራ፣ አንደበቱም እንደማይዋሽ ተረዱ። አማርኛውንም አጥርተው ተማሩ። ይህ ቋንቋ በኋላ ከሁሉ የበለጠ መሣሪያ ሆኗቸዋል።

ከዚያ የሥራው ዓይነት በዛ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ በቤተ መንግሥት ሕንፃዎች ሥራም ተሰማሩ። አናጢም፣ ግንበኛም፣ ቀያሽም፣ አንጥረኛም ሆነው ማለት ነው። መሐንዲስ በወረቀት ላይ የሚያሰላው ሚስማርና ብሎን እርሳቸው ዘንድ ከባሕር ዳርቻ በግመልና በበቅሎ፣ ሳምንታት በሚፈጅ ጉዞ የሚመጣ ወይም እዚያው የሚቀጠቀጥ ነበር።

በአርሲ የሚኖር አንባቢ እነዚያን ዓመታት በሌላ ያስታውሳቸዋል። ኢልግ በሸዋ ቤተ መንግሥት ድልድይ ሲነድፉ የንጉሡ ጦር በአርሲ ምድር እየዘመተ ነበር። ውጊያው ለዓመታት የቆየ ሲሆን፣ በ1878 ዓ.ም. መገባደጃ በአዙሌ በራስ ዳርጌ በተመራው ጦር የአርሲ ኦሮሞ ተዋጊዎች ክፉኛ ተጎዱ። ጦርና ፈረስ የያዘ ሕዝብ ከባሕር ማዶ በመጣ ጠመንጃ ተሸነፈ። አገሩን ያቀናው የአዲሱ ዘመን ብረት በአንድ ፊት ድልድይ፣ በሌላ ፊት አፈሙዝ ነበር። የኢልግን ሕይወት ስንተርክ የመጀመሪያውን ብቻ ብንናገር ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ረኃቡም ተከተለ። ከብት አርቢ የነበረው የአርሲ ሕዝብ በጦርነቱ ላይ ይህ ተደረበበት። ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እህል የሚሸከመው አጋሰስ ብቻ በነበረበት አገር፣ ያለው ለሌለው ሊደርስለት አልቻለም።

ኢልግ በዚሁ ዘመን ሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርተር ራምቦ ጋር ስለ ንግድ ይጻጻፉ ነበር። ራምቦ አንድ ጊዜ በቅሎና ሁለት ባሪያ እንዲፈልጉለት ጠየቃቸው። የባሪያውን ነገር ኢልግ ከዚህ በፊት ገዝተው እንደማያውቁና ወደፊትም እንደማይጀምሩ ገልጸው መለሱለት። ባሪያ ንግድ በአደባባይ በሚካሄድበት ጊዜ የተጻፈ በመሆኑ ስለ ሰውየው ጠባይ የሚናገረው ነገር አለ።

የአዲስ አበባ ሰው ከሥራዎቻቸው ሁሉ በጣም የተገረመው በውኃው ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ ከእንጦጦ ተራራ በኩል የሚወርድ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እንዲገባ አደረጉ። ውኃ ወደ ሸለቆ ወርዶ ተመልሶ ዳገት ይወጣል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። ነገሩ ግን ተአምር አልነበረም። የምንጩ ራስ ከመድረሻው ከፍ ያለ ከሆነ፣ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ ክብደት ከፊት ያለውን እየገፋ ዳገቱን ያስወጣዋል። ከምንጩ ከፍታ በላይ ግን አይወጣም፤ በመንገድ ላይም ከቧንቧው ጋር እየታሸ ጥቂት ኃይል ያጣል። በጣም የሚጨነቀው በሸለቆው ግርጌ ያለው የቧንቧ ክፍል ነው፤ ጠንካራው ብረት መዋል ያለበት እዚያ ነው። በጭላሎና በካካ ተዳፋቶች ምንጭ አጎልብቶ ያለ ሞተር ውኃ ወደ መንደር ማድረስ የሚቻለው በዚሁ ስሌት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ሆነ የውኃ ኮሚቴ አባል ቧንቧው የሚፈነዳበትን ቦታ ከዚህ ሊያውቅ ይችላል።

በዚያው በ1886 ዓ.ም. የሕይወታቸው ትልቁ ውል ተፈረመ። አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ተነስቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ የባቡር መስመር እንዲሠራ ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኑ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ላይ አጠር ባለ ኩርባ ስለሚታጠፍ ቁፋሮውና ወጪው ይቀንሳል፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መስመር ይህ ትልቅ ቁምነገር ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ የመሐንዲሱ ሥራ እንደገና ተለወጠ። ድሉ የአውሮፓ መልእክተኞችን አዲስ አበባ አሰለፋቸው። በ1889 ዓ.ም. ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዙ የሮድ መልእክት ሲመጣ በድርድሩ መካከል የንጉሠ ነገሥቱ አፍና ጆሮ ሆነው ተቀመጡ። ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ያህል ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው መጻጻፍና የድንበር ውል በአብዛኛው በእጃቸው አለፈ። በ1887 ዓ.ም. ያገቧት ባለቤታቸው ፋኒ ጋቲከርም አዲስ አበባ መጥተው ትዳራቸውን እዚሁ መሠረቱ። ኢልግ ፎቶግራፍ ማንሳት ይወዱ ነበር። ያነሷቸው ሥዕሎችና የሰበሰቧቸው የአገር ዕቃዎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ይገኛሉ፤ የዚያን ዘመን አዲስ አበባ በዓይን ለማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ናቸው።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መስመሩ በግጦሽ መሬታቸው የሚያልፍባቸው የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች ሠራተኞችን ያጠቁ ነበር፤ ውሉ ሲፈረም የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና። ሙቀቱና የውኃ እጦቱ ሌላ ችግር ነው። ነገር ግን ሐዲዱን በመጨረሻ ያቆመው በረሃውም ተራራውም አልነበረም፤ ገንዘብ ነው።

ካፒታሉ ከተገመተው ቀድሞ አለቀ። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን መግዛት ጀመሩ። ይህን ያየው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ለኩባንያው ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሊሰጥ ተዋዋለ፤ በምትኩም የኩባንያውን ቁጥጥር ያዘ። በአገራቸው መሬት ላይ የሚያልፍ ባቡር በሌላ መንግሥት ውል እንደተያዘ የተረዱት ምኒልክ እጅግ ተቆጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ በምረቃው ላይ አልተገኙም። መስመሩ የሐረርን ተራራ ለመሸሽ ከታች በሜዳው አልፎ ስለነበር፣ ባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ሲያበቅል ጥንታዊቷን ሐረርን ወደ ጎን ተዋት። ከድሬዳዋ ወዲህ ሥራው ለዓመታት ቆመ።

ኢልግ በዚህ መካከል ተያዙ። ፈቃዱ የተሰጠው በስማቸው ነው፤ ገንዘቡን ያመጡት ሰዎች ደግሞ ከእጃቸው ወጥተዋል። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪም የኩባንያው መሥራችም መሆን የሁለት ጌታ ሎሌ እንደመሆን ነው፤ በእኔ አስተያየት የሕይወታቸው ትልቁ ስሕተት ከሁለቱ አንዱን በጊዜ አለመተዋቸው ነው። ተሰሚነታቸው እየቀነሰ ሄደ። ወደ ስዊዘርላንድ ተመልሰው በ1899 ዓ.ም. አካባቢ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ኩባንያውም በዚያው ሰሞን ከሰረ። በወጣትነታቸው ከጎረቤት ከተማ ያዩት የባቡር ኪሣራ ሃያ ስምንት ዓመት ከለፉበት አገር ተከትሏቸው መጣ ማለት ይቻላል። ቀሪውን መስመር በአዲስ ስም የተቋቋመ የፈረንሳይ ኩባንያ ተረክቦ ቀጠለው።

አልፍሬድ ኢልግ በ61 ዓመታቸው፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ዙሪክ ውስጥ አረፉ። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ትነድ ነበር፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ዕለቱ የገና በዓል ነበር። አፄ ምኒልክ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል።

ባቡሩ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማና በሞጆ አልፎ አዲስ አበባ የገባው ከዚህ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። መስመሩ ሲጠናቀቅ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። የአርሲ ነጋዴም እህሉንና ቆዳውን በአጋሰስ ጭኖ ወደ ሐዲዱ መውረድ ጀመረ። በውሉ ሦስተኛ ክፍል የተጻፈው፣ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቀው መስመር ግን ሳይዘረጋ ቀረ።