ኢብን ባጡታ የት የት አደረ?



በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን በሽንፋ በኩል ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከደጋ ለሥራ የወረደው ወጣት ማሳ ዳር በእንጨትና በሣር ወይም በላስቲክ በተሠራች ዳስ ያድራል። ሥራው ሲያልቅ ዳሷም ትፈርሳለች። ዛሬ 29 ዓመት ገደማ እንዲህ ማደሪያ ሲለዋውጥ ስለኖረ ሰው ላጫውታችሁ፤ ስለ ኢብን ባጡታ፣ አላህ ይዘንለትና።

በ1304 (እ.ኤ.አ.) ሞሮኮ ውስጥ ጠንጃ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1325 ለሐጅ ብቻውን ሲነሳ 21 ዓመቱ ነበር፤ የብዙዎቻችሁ ዕድሜ። ቱኒስ ሲደርስ የከተማው ሰው ወጥቶ ሌሎቹን መንገደኞች አቅፎ ሲቀበል፣ እሱን ሰላም የሚለው ጠፋ። ወጣቱ አለቀሰ። አንድ ሐጃጅ ሆዱ እንደባሰው አይቶ ቀርቦ አጫወተው፤ ማደሪያውንም በአንድ መድረሳ አገኘ።

ያን ሁሉ ዓመት ማን አሳደረው ትሉ ይሆናል። ከግብጽ ወደ ሻም በሚወስደው የበረሃ መንገድ በየማረፊያው ኻን የሚባል የእንግዳ ማደሪያ ነበር፤ ሰውም ከብትም ያድርበታል፣ ደጁ ላይ ለመንገደኛ ውሃ ይቀመጣል። በከተሞች ደግሞ መድረሳውና ዛውያው በወቅፍ ገቢ ይተዳደራሉ። መንገደኛ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ደማስቆ ውስጥ ለመንገደኛ ስንቅና ልብስ የሚሰጥ ወቅፍ ነበር፤ አሽከር የጌታውን ሳህን ሰብሮ ቢደነግጥ የሚተካለት ወቅፍ ጭምር!

እኔን ከሁሉ የገረመኝ የአናጦሊያው፣ የዛሬዋ ቱርክ ነገር ነው። እዚያ አኺ የሚባሉ ማኅበራት ነበሩ፤ አባሎቻቸው ብዙዎቹ ያላገቡ ወጣቶችና የእጅ ሙያተኞች ናቸው። ቀን ሠርተው ያገኙትን ከዐስር በኋላ ወደ ማኅበሩ ቤት ያመጣሉ፤ በእሱ ምግብና ፍራፍሬ ይገዛል። የዚያን ቀን እንግዳ ከመጣ ይስተናገዳል፣ ካልመጣም ራሳቸው አብረው ይበላሉ። ላዚቅ በምትባል ከተማ ሰዎች የኢብን ባጡታን ፈረስ ልጓም ይዘው ሲጓተቱ፣ ሌሎች መጥተው ጩቤ እስከ መማዘዝ ደረሱ። ቋንቋቸውን አያውቅምና ሽፍቶች መሰሉት። ለካ የሚጣሉት እንግዳው እኛ ዘንድ ይረፍ ብለው ነው! በዕጣ ተፈታ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ምቾቱ ይቀንሳል። ከጅዳ በቀይ ባሕር ሲሻገር ነፋስ ወደ ዛሬዋ ሱዳን ጠረፍ ወሰደው። ባሕሩ ዳር ያገኘው መስጊድ የምትመስል የሸንበቆ ዳስ ነበረች፤ ውስጧ ውሃ የተሞሉ የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶች ተቀምጠዋል። ከዚያ ጠጡ፣ ምግባቸውንም አበሰሉ። ያንን ውሃ ማን እንዳስቀመጠው አይናገርም። ዘይላዕ ሲደርስ ግን የዓሣውንና በየመንገዱ የሚታረደውን የግመል ደም ጠረን ሸሽቶ፣ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከቡ ላይ አደረ። ይኼ የተመቸው እንግዳ ቅሬታ ይመስለኛል፤ ዘይላዕ እኮ የይፋት ሙስሊሞች ወደብ ነበረች። ሞቃዲሾ ላይ በተማሪዎች ቤት ተቀበሉት፤ በቂፕቻቅ ሜዳ ጋሪ ላይ በተተከለ ድንኳን ተጓዘ፤ ሰሃራ ውስጥ ተጋዛ በምትባል መንደር ግድግዳው የጨው ድንጋይ፣ ጣሪያው የግመል ቆዳ የሆነ ቤት አየ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። በሩ ሁሉ የተከፈተለት ፊቅህ የተማረ ሰው ስለነበረ ጭምር ነው። ጉልበቱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ያንን አያገኝም። መተማ ላይ ለሐጅ ወጥተው በመንገድ የቀሩት የምዕራብ አፍሪካ ተክሩሮች ማንም ሱልጣን ድግስ አልደገሰላቸውም፤ ራሳቸው መንደር ቆርቁረው ኖሩ።

ዋጋም ከፍሏል። በ1348 ደማስቆ ሲመለስ አባቱ ከሞተ 15 ዓመት እንዳለፈ ሰማ። በ1349 ጠንጃ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ እናቱ በወረርሽኙ ማለፏ ተነገረው። ጠንጃ ሲደርስ መቃብሯን ዘየረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ አንዳሉስ ተሻገረ።