ዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ፤ ኢንሱሊን ከቶሮንቶ እስከ ቢቸናና ሞጣ

ፍሬድሪክ ግራንት ባንቲንግ የተወለዱት በካናዳ፥ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፥ አሊስተን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የእርሻ ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1891 ነው። ዘመኑ በኢትዮጵያ 1884 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ በረኃብ የተፈጀበት ክፉ ቀን ገና ያላበቃበት ጊዜ ነበር። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ናቸው። በትምህርታቸው ጎበዝ ከሚባሉት ወገን አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1910 ቶሮንቶ ከሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ገብተው የመጀመሪያውን ዓመት ፈተና ወደቁ። ወደ ሕክምና ትምህርት የተዛወሩት በ1912 ሲሆን፥ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐኪም ስለ ጠየቀ ትምህርቱ ተፋጥኖላቸው በ1916 መጨረሻ ተመረቁና ወዲያው የጦር ሐኪም ሆኑ። በ1918 በካምብሬ ግንባር ክንዳቸውን ቆስለው ሳለ ሌሎችን ቁስለኞች ማከማቸውን ባለማቋረጣቸው የጀግንነት ሜዳይ ተሸልመዋል።

ከጦርነቱ በኋላ በሚፈልጉት ሆስፒታል ቋሚ ሥራ አላገኙም። በጁላይ 1920 ለንደን በምትባለው የኦንታሪዮ ከተማ የግል ሕክምና ቤት ከፍተው በሽተኛ ሲጠባበቁ፥ የመጀመሪያው ወር ገቢያቸው አራት ዶላር ብቻ ሆነ። ኑሮን ለመደጎም በአካባቢው ዩኒቨርስቲ ረዳት አስተማሪ ሆነው ተቀጠሩ። ታላቁን ሥራ ያስገኘው ይህ ድጎማ ነው፤ በሽተኛ ቢጎርፍላቸው ኖሮ ያን ሌሊት ተቀምጠው ለማንበብ ጊዜ ባላገኙም ነበር።

በኦክቶበር 30 ቀን 1920 ምሽት ሰውነት ስኳርን ስለሚጠቀምበት መንገድ ለተማሪዎች የሚሰጡትን ትምህርት ሲያዘጋጁ አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ጽሑፉ የቆሽት ቧንቧ በጠጠር በተደፈነ ጊዜ የምግብ መፍጫውን ፈሳሽ የሚሠሩት ሕዋሳት ሲጠፉ የላንገርሃንስ ደሴቶች የሚባሉት ግን ደኅና ሆነው እንደሚቀሩ የሚገልጽ ነበር። ቆሽቱ የወጣለት ውሻ በስኳር በሽታ እንደሚያዝ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ በ1889 አሳይተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከቆሽት መድኃኒት ለማውጣት የሞከሩ ብዙዎች ቢሆኑም አንዳቸውም በሽተኛ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚታከምበት መድኃኒት አላደረጉትም። ባንቲንግ እንቅልፍ አጥተው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሡና የውሻን የቆሽት ቧንቧ አስሮ፥ መፍጫው ሕዋስ እስኪሟሽሽ ጠብቆ፥ ከቀረው ደሴት ፈሳሹን መጭመቅ የሚል አጭር ማስታወሻ ጻፉ። የበሽታውን ስም እንኳ ፊደሉን ገድፈው ነበር የጻፉት።

የቆሽት ቧንቧን ማሰር ፈጽሞ አስፈላጊ እንዳልነበረ ኋላ የራሳቸው ሥራ አረጋገጠ፤ ከታረደ ከብት ሙሉ ቆሽት በአልኮል አማካይነት መድኃኒቱ ሊወጣ ይችላልና። ስለዚህ ያ ሐሳብ በራሱ ትክክል ነው ማለት አይቻልም፤ ሰውዬውን ግን ከቤተ ሙከራ ደጃፍ አደረሳቸው።

የቶሮንቶ ዩኒቨርስቲው ፕሮፌሰር ጆን ማክሊዮድ ልምድ የሌለውን ይህን ሐኪም በጥርጣሬ ተቀብለው፥ ከብዙ ማመንታት በኋላ ቤተ ሙከራ፥ አሥር ውሾችና ቻርልስ ቤስት የሚባል ተማሪ ሰጧቸው። ሥራው በሜይ 1921 ተጀመረ። በዚያ የበጋ ሙቀት ውሾቹ በቀዶ ጥገናና በቁስል መመረዝ ብዙዎቹ አለቁ። በጁላይ መጨረሻ ግን ቆሽቱ የወጣለት ውሻ ከዚያ ፈሳሽ ሲወጋ የደሙ ስኳር ወረደ። በዲሴምበር የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ ተጨመሩና ፈሳሹን የማጥራቱን ሥራ ያዙ።

በዚያን ጊዜ በወጣትነት ለሚይዘው የስኳር በሽታ ይሰጥ የነበረው ሕክምና ማስራብ ብቻ ነበር። ልጁ በቀን ጥቂት ምግብ እየተመጠነለት ቆዳውና አጥንቱ እስኪጣበቅ ይከሳል፤ በዚህም ዕድሜው በወራት፥ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ይራዘማል። ሐኪሙ የሚመርጠው ከሁለት ሞት አንዱን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ አጠቃላይ ሆስፒታል መርፌውን የተወጋው የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን ክብደቱ ከ30 ኪሎ በታች ነበር። ባንቲንግና ቤስት ያዘጋጁት ያ የመጀመሪያ ፈሳሽ ስኳሩን ያወረደው በጥቂቱ ሲሆን፥ የተወጋበትም ቦታ መግል ቋጠረ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ኮሊፕ ያጠሩት ሲሰጠው ግን ከሽንቱ ስኳሩ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ልጁም ብርታት አገኘ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖሯል።

ድሉ ወዳጅነትን አላስከተለም። ባንቲንግና ኮሊፕ ለድብድብ እስከ መጋበዝ ደረሱ፤ ባንቲንግ ማክሊዮድን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይቅር አላሏቸውም። በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክሊዮድ በተሰጠ ጊዜ ባንቲንግ ተቆጥተው ገንዘባቸውን ለቤስት አካፈሉ፤ ማክሊዮድም በበኩላቸው ለኮሊፕ አካፈሉ። በቡካሬስት ኒኮላይ ፓውሌስኩ የሚባሉት ሊቅ በዚያው በ1921 ተመሳሳይ ውጤት በውሾች ላይ አግኝተው ማሳተማቸው ግን ያኔ የታሰበበት አይመስልም። ፍርድ ይሰጥ ቢባል፥ ኢንሱሊን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ያለ ባንቲንግ እልኸኝነት ሥራው በዚያ በጋ አይጀመርም፤ ያለ ኮሊፕ እጅም በዚያ ክረምት ልጁን አያድንም ነበር።

ባንቲንግ ሐኪም ሕይወት ከሚያድን ነገር ሊነግድ አይገባውም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። የፈጠራው መብት በጃንዋሪ 1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ የተላለፈው ለእያንዳንዱ ባለመብት በአንድ ዶላር ዋጋ ነው። የታሰበውም ማንም ነጋዴ መድኃኒቱን ለብቻው እንዳይዘው ነበር።

ያ አሳብ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ ለማየት የምሥራቅ ጎጃምን መንገድ መከተል ይበቃል። ኢንሱሊን በተገኘበት ዘመን ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፥ በቢቸና ወይም በሞጣ ውሃ ጥም የማያስቀምጠው፥ ሽንት የሚያመላልሰውና እየበላ የሚከሳ ወጣት ከጠበልና ከባህል መድኃኒት ዐዋቂ በቀር መሄጃ አልነበረውም። ሆስፒታል በነዚህ ከተሞች ከመቋቋሙም በፊት ሕመምተኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መጓዝ ነበረበት፤ መጀመሪያ ከገጠር ቀበሌው በእግር ወይም በበቅሎ፥ ከዚያም ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ በመኪና። ኢንሱሊን ደግሞ አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያበቃ መድኃኒት አይደለም። መንገዱ ካልታከተው ኪሱ፥ ኪሱ ካልታከተው ጤና ጣቢያው መድኃኒት ያልቅበታል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ደጋው ላይ ያለ ገበሬ ውሃ ባረጠበው ሸክላ ወይም በጥላ ሥር በተቀበረ እንስራ ለጥቂት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል፤ ቁልቁል በዓባይ በረሃ አፋፍ ለሚኖረው ግን ሙቀቱ መድኃኒቱን ያበላሽበታል። ከዚህም የሚብሰው የምግብ ነገር ነው። መርፌው ልኩ ሳይለወጥ የሚወጋ፥ ምግቡ ግን በክረምት ጎተራ ሲጎድል የሚቀንስ፥ በጾም ወራትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚዘገይ ሰው የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የመርፌውን ልክ ከጾሙና ከወቅቱ ጋር ማስማማት የሐኪሙና የነርሱ ሥራ ነው፤ ሕመምተኛው ጾሙን እንዳይናገር የሚያሳፍረው ሐኪም ግን ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

በከተማ የሚታየው የስኳር በሽታ ባመዛኙ በጎልማሳነት የሚመጣው፥ ከውፍረት፥ ከእንቅስቃሴ ማነስና ከቤተሰብ ውርስ ጋር የተያያዘው ዐይነት ነው። የገጠሩ ግን ሌላ መልክ አለው። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከጎንደር ዙሪያ ገጠር ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ሲያወጡ፥ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ባመዛኙ ወጣት፥ ድኻና እጅግ ከሲታ፥ ከሴት ይልቅ ወንድ የሚበዛባቸው መሆናቸውን አስረድተው፥ በልጅነት የሚደርስ የምግብ እጥረት ምክንያት እንደ ሆነ ዳግመኛ እንዲመረመር ጠየቁ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚል ክፍል አቁሞ በ1999 ሰርዞት ነበር። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግን በ2025 ዐምስተኛ ዐይነት ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ክርክሩ አላበቃም። ጥናቱ የጎንደር ቢሆንም ከዓባይ ወዲህ ያለው ገበሬ ኑሮ ከዚያኛው ብዙ አይለይምና፥ ለቢቸናና ለሞጣ ሐኪም ከሲታውን ወጣት በሳንባ ነቀርሳ ብቻ ጠርጥሮ ሽንቱንና ደሙን ሳይመረምር እንዳይሰደው በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ሕክምናውን በነርሶች እጅ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ማውረድ ተሞክሮ የሕመምተኛውን መንገድ አሳጥሯል።

ኢንሱሊን በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ዝርዝሩ መጀመሪያ በወጣበት በ1977 ነው። ሆኖም የዓለምን ገበያ አብዛኛውን ክፍል የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። በአንድ ዶላር የተላለፈው መብት ይህን አላገደም፤ መድኃኒቱን የማሻሻሉ ሥራ እያንዳንዱ ጊዜ አዲስ መብት ያስገኛልና።

ባንቲንግ ራሳቸው ከ1923 በኋላ ወደ ስኳር በሽታ ምርምር እምብዛም አልተመለሱም። የካናዳ ምክር ቤት በዓመት 7,500 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ወሰነላቸው፤ በስማቸውም የምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ በ1934 ሰር የሚለውን ማዕረግ ተቀበሉ። ከእንግዲህ ሁለተኛ ኢንሱሊን ይጠበቅባቸው ነበርና ዝናው ሸክም ሆነባቸው። ዕረፍት የሚያገኙት ከሠዓሊው ኤ.ዋይ. ጃክሰን ጋር እየተጓዙ የበረዶውን አገር ሲሥሉ ነበር፤ በ1927 እስከ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ደርሰዋል። የመጀመሪያው ትዳራቸው በ1932 በፍቺ ፈረሰ፤ በ1937 ዳግመኛ አገቡ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የአብራሪዎችን ጤና የሚመለከት ምርምር ይመሩ ጀመር። በፌብሩዋሪ 1941 በዚሁ ጉዳይ ወደ እንግሊዝ ሲበሩ አውሮፕላናቸው በኒውፋውንድላንድ ወደቀና በማግሥቱ በ21ኛው ቀን ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 49 ነበር። በዚያ የካቲት 1933 ዓ.ም. ጎጃም በአርበኞች ጦርነት ላይ ነበረች፤ በቢቸና አውራጃ በላይ ዘለቀ ከጠላት ጋር ይዋጉ ነበር። የባንቲንግ አስከሬን ወደ ቶሮንቶ ተመልሶ በማውንት ፕሌዛንት መካነ መቃብር አረፈ፤ የተወለዱበት ቀንም ከ1991 ጀምሮ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል።