ዲግሪ ያልነበራቸው የሐኪሞች መምህር፤ የአቶ ቪቪየን ቶማስ አጭር የሕይወት ታሪክ

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ዲግሪ ሳንነጋገር የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ዲግሪ የሚያስገኘውን ደመወዝ፣ ዲግሪ የሚያሰጠውን ማዕረግ፣ የእገሌ ኮሌጅ ዲግሪ ከእገሌ ኮሌጅ ዲግሪ መብለጥ አለመብለጡን እየመዘንን ሻያችንን እንጠጣለን። ስለዚህ ለዲግሪ ያጠራቀሙት ገንዘብ የጠፋባቸውን፣ ዲግሪውንም ሳያገኙ ባለ ዲግሪ ሐኪሞችን ያስተማሩትን የአንድ ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል። እኒህ ሰው ጥቁር አሜሪካዊው አቶ ቪቪየን ቶማስ ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል። ሐኪሙንም የሐኪሙንም ረዳት እኩል አንቱ ብለናል፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ፊት ይረዳዋል።

አቶ ቶማስ በ1910 በሉዊዚያና ግዛት ተወልደው ያደጉት በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ነው። አባታቸው አናጢ ስለ ነበሩ እርሳቸውም ገና በልጅነታቸው መጋዝና መላጊያ መያዝን ተማሩ። እንጨት ለክቶ መቁረጥ፣ ሁለት ጠርዝ ክፍተት ሳይታይበት አጋጥሞ ማያያዝ የለመዱት ሥራ ነበር። ትምህርታቸውንም አልተዉም፤ በ1929 ለጥቁሮች በተለየው በፐርል ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨረሱ። ምኞታቸው ሐኪም መሆን ነበር። ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ በአናጢነት ሲያጠራቅሙ ሳለ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ግንባታ ቆመ፤ አናጢ የሚቀጥር ጠፋ። ስለዚህ ጊዜው እስኪያልፍ ብለው በፌብሩዋሪ 1930 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሐኪም ላቦራቶሪ ውስጥ በረዳትነት ተቀጠሩ። ደመወዛቸው በሳምንት 12 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ገንዘባቸውን ያስቀመጡበት ባንክ ተዘጋ፤ ለኮሌጅ የታሰበውም ገንዘብ እዚያው ቀረ። ለጊዜው የተያዘው ሥራ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ።

የቀጠሯቸው ሐኪም ዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ናቸው። ብላሎክ በዚያን ጊዜ ገና የ30 ዓመት ወጣት ነበሩ። አቶ ቶማስ አንዳች የሕክምና ትምህርት ሳይኖራቸው እንስሳትን ማደንዘዝ፣ የደም ግፊት መለካት፣ ውጤቱንም መመዝገብ ተማሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ኦፕራሲዮኑን ራሳቸው ይሠሩ ጀመር። ያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ የሚሞተው ከተጎዳው ሥጋ በሚወጣ መርዝ ነው ይሉ ነበር። የቫንደርቢልት ላቦራቶሪ ሙከራ ግን ምክንያቱ ከደም ሥሮች ውስጥ ደምና ፈሳሽ መጉደሉ እንደ ሆነ አሳየ። መድኃኒቱም የጎደለውን መተካት ነው ማለት ነው። ይህ ዕውቀት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብዙ ቁስለኞችን ሕይወት አትርፏል። ሙከራውን በእጃቸው የሚሠሩት ሰው ግን በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ የተጻፉት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። አቶ ቶማስ ይህን ባወቁ ጊዜ ዝም አላሉም፤ አቤት ብለው ደመወዛቸው ተሻሻለ።

በ1941 ብላሎክ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ዋና ሆነው ሲጠሩ አቶ ቶማስም አብረዋቸው እንዲቀጠሩ ጠየቁ። አቶ ቶማስ ባለቤታቸውንና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ሆፕኪንስ በዚያን ጊዜ መጸዳጃ ቤቱ እንኳ ለነጭና ለጥቁር የተለየ ነበር። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ጥቁሮች ጠራጊዎችና ተላላኪዎች ስለ ነበሩ ነጭ ጋዋን የለበሰ ጥቁር ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ የሚያየው ሁሉ ዞሮ ይመለከተው ነበር ይባላል።

በዚሁ ሆስፒታል የሕፃናት የልብ ክሊኒክ ኀላፊ ዶክተር ሔለን ታውሲግ ነበሩ። ታውሲግ ጆሯቸው እየደከመ ስለ ሄደ የሕፃናቱን የልብ ትርታ በጣቶቻቸው እየዳሰሱ ይመረምሩ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያሳዝኗቸው የነበሩት ሰማያዊ ሕፃናት የሚባሉት ናቸው። እንደምናውቀው የልባችን ቀኝ ክፍል ኦክሲጅኑ ያለቀበትን ደም ወደ ሳምባ ይልካል፤ ደሙ ከሳምባ ኦክሲጅን ተሸክሞ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል፤ ግራው ክፍል ደግሞ በታላቁ ደም ቅዳ በኩል ለሰውነት ሁሉ ያዳርሰዋል። የፈረንሳዩ ሐኪም ፋሎ በ1888 በገለጹት በሽታ ግን አራት ጉድለቶች በአንድነት ይገኛሉ። ወደ ሳምባ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ የታች ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ አለው፤ ታላቁ ደም ቅዳ ከቀዳዳው በላይ ሁለቱንም ክፍሎች ረግጦ ይቆማል፤ የቀኙም ክፍል ጡንቻ ከሥራው ክብደት የተነሣ ይወፍራል። ስለዚህ ሳምባ ያልደረሰ ደም ወደ ሰውነት ይሄዳል። የልጁ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፤ ጥቂት ተራምዶ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ፋታ ለማግኘትም ቁጢጥ ይላል። በዚያን ዘመን ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር።

ታውሲግ አንድ ነገር አስተዋሉ። በታላቁ ደም ቅዳና በሳምባው ደም ቅዳ መካከል፣ ከልደት በኋላ የሚዘጋ አጭር ቧንቧ አለ። ይህ ቧንቧ ሳይዘጋ የቆየላቸው ሰማያዊ ሕፃናት ደኅና ይሆናሉ፤ በተዘጋ ጊዜ ግን ይብስባቸዋል። በ1938 የቦስተኑ ሐኪም ሮበርት ግሮስ ቧንቧው ሳይዘጋ ቀርቶ የጎዳትን ልጅ በኦፕራሲዮን ዘግተውላት ነበር። ታውሲግም ቧንቧውን መዝጋት ከተቻለ አዲስ ቧንቧ መሥራትም መቻል አለበት ብለው ለግሮስ ቢያማክሩ ግሮስ ነገሩን አልፈለጉትም። በ1943 ጥያቄውን ለዶክተር ብላሎክና ለአቶ ቶማስ አቀረቡ።

መልሱን የመፈለጉ ሥራ በአቶ ቶማስ ትከሻ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያ በሆፕኪንስ ተጠብቀው የኖሩትን የሞቱ ሕፃናት ልቦች እያገላበጡ አጠኑ። ቀጥሎም ጤነኛውን ውሻ እንደ ሰማያዊ ሕፃን ኦክሲጅን ያነሰው ማድረግ፣ ከዚያም መልሶ ማዳን ነበረባቸው። ለማዳኛው የመረጡት ዘዴ በናሽቪል ለሌላ ጥናት ተሞክሮ የተፈለገውን ውጤት ያልሰጠ ነበር፤ ይኸውም ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ቆርጦ ጫፉን ከሳምባው ደም ቅዳ ጎን ላይ መስፋት ነው። ክንዱ በሌሎች ትንንሽ ሥሮች ይመገባል፤ ሳምባው ግን አዲስ ምንጭ ያገኛል። ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ በገበያ አልነበረም። አቶ ቶማስ ረዣዥሙን መርፌ ቆርጠው አሳጠሩት፤ ጫፉንም ሳሉት፤ የደም ሥር የሚይዘውንም መቆንጠጫ አሻሻሉ። ወደ ሁለት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ በ200 ያህል ውሾች ላይ ከተሞከረ በኋላ ሥራው ሊደገም የሚችል ሆነ። ከውሾቹ መካከል ከኦፕራሲዮኑ ድና ብዙ ጊዜ የኖረችው አና ሥዕሏ በሆፕኪንስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎላታል።

ኖቬምበር 29 ቀን 1944 የመጀመሪያዋ ሕፃን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ዕድሜዋ 15 ወር፣ ክብደቷ ግን 4 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። ቢላዋውን የያዙት ዶክተር ብላሎክ ናቸው። ይሁን እንጂ ይህን ስፌት ደጋግመው የሠሩት አቶ ቶማስ እንጂ እርሳቸው አልነበሩም። ስለዚህ አቶ ቶማስ በትንሽ መርገጫ ላይ ወጥተው ከብላሎክ ቀኝ ትከሻ በስተጀርባ እንዲቆሙ ተደረገ። ብላሎክ በየመካከሉ የስፌቱን አቅጣጫና ርቀት ይጠይቃሉ፤ አቶ ቶማስ ይመልሳሉ። መርፌዋም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ስትዞር ቀስ ብለው ያርማሉ። በክፍሉ ውስጥ ብዙ ዶክተሮች ነበሩ፤ የሥራው መምህር ግን በሕግ የሰው ገላ መንካት የማይፈቀድላቸው ሰው ነበሩ። ሕፃኒቱ ከኦፕራሲዮኑ ተነሣች፤ ነገር ግን ጥቂት ወራት ቆይታ ሞተች። በፌብሩዋሪ 1945 ሁለት ልጆች ተከተሉ። ሦስተኛው በሽተኛ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የደሙ መንገድ በተከፈተ ጊዜ ጠቁሮ የኖረው ከንፈሩ እዚያው በጠረጴዛው ላይ ቀላ። ከዚህ በኋላ ወላጆች ሰማያዊ ልጆቻቸውን ታቅፈው ከየአገሩ ወደ ባልቲሞር ጎረፉ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ከ1,000 በላይ በሽተኞች ኦፕራሲዮን ተደረጉ።

በ1945 የሥራው ሪፖርት በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። በጽሑፉ ራስጌ ላይ የብላሎክና የታውሲግ ስም ነበረ፤ የአቶ ቶማስ ስም አልነበረም። ኦፕራሲዮኑም በሁለቱ ሐኪሞች ስም ተጠራ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው እንላለን፤ እዚህ ግን ሥራው ከሠሪው እጅ ወጥቶ ሌላ ቤት ገባ። ብላሎክን ጨካኝ ነበሩ ልንል አንችልም። አቶ ቶማስን ይዘዋቸው የሄዱ፣ ከትከሻቸው አጠገብ ያቆሟቸው፣ ችሎታቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁ እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት መመስከር ሌላ ነገር ነው። አቶ ቶማስ ቤተሰባቸውን ለመርዳት ሲሉ በብላሎክ ግብዣ ላይ መጠጥ ይቀዱ ነበር፤ ከተጋባዦቹም መካከል ቀን በላቦራቶሪ ሲያስተምሯቸው የዋሉ ወጣት ሐኪሞች ይገኙ ነበር።

ከእኛ መካከል ይህን አንብቦ እንግዲያው ዲግሪ ከንቱ ነው የሚል ቢኖር ታሪኩን አልተረዳም። አቶ ቶማስ ዲግሪን አልናቁም። በ1947 እንኳ በባልቲሞር ሞርጋን ኮሌጅ ለመግባት ሞክረው ነበር። ነገር ግን የዚያ ሁሉ ዓመት ሥራቸው እንደ ትምህርት ሳይቆጠርላቸው ከመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ጋር እንዲጀምሩ ተነገራቸው። የሕክምናውን ትምህርት እስኪጨርሱ ዕድሜያቸው ወደ 50 እንደሚደርስ ባሰቡ ጊዜ ምኞታቸውን ተዉት። በአንድ ባንክ መዘጋት የተዘጋው በር እንደ ተዘጋ ቀረ።

ብላሎክ በ1964 ሞቱ። አቶ ቶማስ ግን የቀዶ ሕክምናውን ላቦራቶሪ እየመሩ ትውልድ አስተማሩ። በ1969 ሰው ሠራሽ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ደረት ውስጥ የተከሉት ዴንተን ኩሊ በእርሳቸው እጅ ካለፉት አንዱ ናቸው። በ1980 የልብን ትርታ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ የተከሉት ጥቁሩ ሐኪም ሌቪ ዋትኪንስም ከእርሳቸው ምክር የተጠቀሙ ነበሩ። በ1971 የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት ሥዕላቸው በሆፕኪንስ ከብላሎክ ሥዕል አጠገብ ተሰቀለ። በ1976 ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ ዶክትሬቱም የሕክምና ሳይሆን የሕግ ነበር። በሕክምና ትምህርት ቤቱም በመምህርነት ተሾሙ። ስለዚህ እኛም ከዚህ በኋላ ዶክተር ቶማስ ልንላቸው ይገባናል። በ1979 ጡረታ ወጡ፤ በኖቬምበር 1985 በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት መጽሐፍም በዚያው ዓመት ታተመ።

ሥራቸው ከእርሳቸው ጋር አልሞተም። በ1953 የልብንና የሳምባን ሥራ ለጊዜው የሚሠራ መኪና በፊላዴልፊያ በተሳካ ሁኔታ በሰው ላይ ሠራ፤ በ1954 በሚኒሶታ የፋሎ በሽታ ጉድለት ልብ ተከፍቶ ተጠገነ። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው የሚደፈነውና ጠባቡ መንገድ የሚሰፋው ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ነው። ሕፃኑ በጣም ትንሽ ወይም የሳምባው ሥር በጣም ቀጭን ሲሆን ግን ሐኪሞች አሁንም ወደ ዶክተር ቶማስ ዘዴ ይመለሳሉ፤ ልዩነቱ የክንዱን ሥር በመቁረጥ ፈንታ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ ሰው ሠራሽ ቧንቧ በመካከል መስፋታቸው ነው። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ደግሞ ደረት ሳይከፈት፣ ታውሲግ ያስተዋሉት የተፈጥሮ ቧንቧ እንዳይዘጋ በደም ሥር በኩል የሽቦ መረብ ይገባበታል። በአገራችንም ከ2009 ጀምሮ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በተከፈተው የልብ ማዕከል የሕፃናት ልብ ይጠገናል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን ብዙ ናቸው። ስማቸውም ቢዘገይ ቦታውን እያገኘ ነው፤ ዛሬ ብዙ ጽሑፎች ኦፕራሲዮኑን የብላሎክ፣ የቶማስና የታውሲግ ብለው ይጠሩታል።

እንግዲህ ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? በአገራችን ባለ እጅ የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው እየተጠቀምን ስሙን ስናዋርድ ኖረናል። የሰማያዊ ሕፃናትን ልብ ያሳረፈው ስፌት ግን የተፈተነው እንጨት ማጋጠም በለመደ እጅ ነው። በየላቦራቶሪያችን መሣሪያውን የሚያስተካክሉ፣ እንስሳቱን የሚመግቡ፣ ሙከራችን ሲበላሽ የተሳሳትንበትን ቦታ በዝምታ የሚያሳዩን ሰዎች አሉ። ብዙዎቻችን ሙሉ ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስናስረክብ ከሽፋኑ ላይ የሚጻፈው የእኛ ስም ብቻ ይሆናል። በውስጡ ግን ለእነርሱ ስም የሚበቃ ቦታ አለ። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከማስረከባችን በፊት ሄደን ስማቸውን እንጠይቅ፤ አጣርተንም እንጻፈው።