የፕሮፌሰር ፐኔት የሕይወት ታሪክና የዶሮ ላባ ቀለም

በሥነ ሕይወት ትምህርት ጊዜ መምህራችን በሰሌዳ ላይ አራት ክፍል ያለው ሳጥን ሥለው፣ የአባትን ፊደል ከላይ፣ የእናትን ፊደል ከጎን ጽፈው፣ የልጆቹን ዕድል በውስጡ እንድንሞላ ሲያዙን የማያስታውስ ተማሪ ከመካከላችን የለም። ይህ ሳጥን የፐኔት ሳጥን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ፐኔት ማን እንደ ነበሩ ብንጠየቅ የምንመልስ ጥቂቶች ነን። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አላውቅም ነበር። ለማወቅ ያነሣሣኝ ፈተና ሳይሆን ዶሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና እናቴ እንቁላል ሸጣ ቤት ለመደጎም አስባ 12 ጫጩቶች ገዛች። ሻጩም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው ብሎ አረጋግጦላት ነበር። አራት ወር ያህል ጥሬና ፉርሽካ ስናበላቸው ከቆየን በኋላ ግን ስምንቱ ጎሕ ሲቀድ ይጮኹ ጀመር። እናቴ የመኖውን ወጪ ደምራ ስታዝን ባየሁ ጊዜ ልቤ ተነካ። በማግሥቱ ለመምህሬ የአንድ ቀን ጫጩት ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ሊታወቅ ይችል እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ይህን ጥያቄ ሳጥኑን የፈጠሩት ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብለው አስበውበታልና ታሪካቸውን አንብብ አሉኝ። ያነበብሁትንም ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬጂናልድ ክረንዶል ፐኔት በ1875 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት አውራጃ፣ ተንብሪጅ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው የትርፍ አንጀት ሕመም እየተመላለሰ ስለሚያስቸግራቸው ብዙ ቀን ከአልጋ ላይ ይውሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ እንስሳት የተጻፉ መጻሕፍትን ያነቡ ስለ ነበር የፍጥረት ፍቅር አደረባቸው። ካደጉም በኋላ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕክምና ለመማር ቢጀምሩም፣ ሐሳባቸውን ለውጠው የእንስሳትን ጥናት መረጡና በ1898 ዓ.ም. ተመረቁ። በስኮትላንድም በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይመረምሩት የነበረው የዶሮን ነገር ሳይሆን የባሕር ትሎችን ነበር።

ያ ዘመን ለሥነ ሕይወት ታላቅ ዘመን ነው። ግሬጎር ሜንደል የተባሉት መነኩሴ አተር እያዳቀሉ ያገኙት የዘር ውርስ ሕግ በ1866 ዓ.ም. ታትሞ ሳለ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. እንደ ገና ተገኘ። ሕጉ ለአተር ብቻ ሳይሆን ለእንስሳትም እንደሚሠራ ለማሳየት ዊልያም ቤትሰን የተባሉ ሊቅ በካምብሪጅ አጠገብ፣ በግራንቸስተር መንደር፣ በመኖሪያ ቤታቸው ዶሮና አበባ እያራቡ ይመረምሩ ነበር። ወጣቱ ፐኔትም ከእርሳቸው ጋር ተባብረው መሥራት ጀመሩ። ሥራውም ጫጩት ማስፈልፈል፣ እያንዳንዱን መመዝገብ፣ ቀለሙን መለየትና መቍጠር ነበር።

በዚያን ጊዜ ዶሮ አርቢዎችን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ አንዳሉሲያን የሚባለው አመድማ ዶሮ ነበር። አርቢው አመድማውን አውራ ከአመድማዪቱ ሴት ጋር ቢያገናኝ፣ ከጫጩቶቹ እኩሌታው አመድማ፣ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ደግሞ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ይሆንበታል። አርቢዎቹም ጥቁሩንና ነጩን እያስወገዱ አመድማውን ብቻ ቢያስቀሩም ዘሩ ሊጠራላቸው አልቻለም። ምክንያቱን ሳጥኑ በአራት መስመር ይገልጸዋል። አመድማው ዶሮ አንድ የጥቁር ምክንያት ከአንዱ ወላጅ፣ አንድ የነጭ ምክንያት ከሌላው የወረሰ ድብልቅ ነው። ስለዚህ አመድማ ብቻ ማግኘት የሚፈልግ ሰው አመድማን ከአመድማ ማገናኘት አይገባውም፤ እንደ ጥፋት ቈጥሮ የሚጥለውን ጥቁሩን ከነጩ ጋር ቢያገናኝ ጫጩቶቹ ሁሉ አመድማ ይሆኑለታል። እኔም ይህን ባነበብሁ ጊዜ በደብተሬ ላይ ሠርቼ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት እጅግ ደስ አለኝ።

ፐኔት በ1910 ዓ.ም. በካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የዘር ውርስ ጥናት ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ከዚህ በኋላ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በእንግሊዝ አገር ምግብም የዶሮ መኖም እጥረት ሆነ። በመንግሥት የምግብ ማምረቻ ክፍል ያገለግሉ የነበሩት ፕሮፌሰር ፐኔትም የላባን ቀለም ለዚህ ችግር መፍትሔ አድርገው አቀረቡ። እንቁላል የማይጥሉት ወንዶች ገና በተፈለፈሉበት ቀን ቢለዩ፣ ለእነርሱ የሚወጣው መኖ ይተርፋል ማለት ነው።

መንገዱም ይህ ነው። በዶሮ ዘንድ ወንዱ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የፆታ ክሮሞሶሞች ሲኖሩት፣ ሴቲቱ ከዚያ ዓይነት አንድ ብቻ አላት፤ እርሱንም ለወንዶች ልጆችዋ እንጂ ለሴቶች አታወርስም። የገብስማነት ምክንያት ያለው በዚሁ ክሮሞሶም ላይ ነው። ስለዚህ ፕሊመዝ ሮክ የምትባለዋ ገብስማ ሴት ሮድ አይላንድ ከሚባለው ቀይ አውራ ጋር ብትገናኝ፣ ወንዶቹ ጫጩቶች የእናታቸውን ገብስማነት ይወርሳሉ፤ ሴቶቹ ግን አይወርሱም። ሁሉም ጠቈር ብለው ሲፈለፈሉ ወንዶቹ በአናታቸው ላይ ነጭ ምልክት ስላላቸው ይለያሉ።

ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ለመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ስለ ሆነ አርቢው ዘወትር ሁለት ዓይነት ዘር መያዝ ግድ ይሆንበታል። ፕሮፌሰሩም በዚህ ሳይወሰኑ፣ ማይክል ፒዝ ከተባሉት ባልደረባቸው ጋር ገብስማውን ፕሊመዝ ሮክ ካምፓይን ከሚባል ወርቅማ ዘር ጋር አዳቅለው ካምባር የተባለ አዲስ ዘር አወጡ፤ ጥናቱንም በ1930 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚህ ዘር ወንዱ የገብስማነትን ምክንያት ሁለት ጊዜ፣ ሴቲቱ አንድ ጊዜ ስለሚይዙ፣ ወንዱ ጫጩት ነጣ ብሎ፣ ሴቲቱ ጠቈር ብላ ትፈለፈላለች። ልዩነቱም ከትውልድ እስከ ትውልድ ይቀጥላል።

ታሪካቸውን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ስሕተታቸው ነው። ከቤትሰን ጋር ሽታ ያለውን የአተር አበባ ሲያዳቅሉ፣ የአበባው ቀለምና የዱቄቱ ቅርጽ ሳጥኑ ከሚለው ውጭ አብረው ሲወረሱ አዩ። የሰጡት ምክንያት ትክክል አልነበረም፤ ትክክለኛው መልስ፣ ማለት በአንድ ክሮሞሶም ላይ ያሉ ምክንያቶች አብረው እንደሚወረሱ፣ በአሜሪካ በዝንብ ላይ ጥናት ካደረጉት ከቶማስ ሞርጋን ዘንድ መጣ። ሆኖም ፐኔትና ባልደረቦቻቸው ከሐሳባቸው ጋር ያልተስማማውን ቍጥር አልደበቁም፤ እንዳገኙት ጽፈው አሳተሙት። ዛሬ ይህ ሥራ ስሕተት ያለበት ቢሆንም በክብር ይጠቀሳል።

ፕሮፌሰር ፐኔት በ1940 ዓ.ም. ከማስተማር ሥራ ዐረፉ። በ1967 ዓ.ም. በጥር ወር መጀመሪያ በ91 ዓመታቸው በሶመርሴት አውራጃ አረፉ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ጫጩቶቹን ለሸጠልን ሰው ይቅርታ አደረግሁለት፤ እርሱም እንደ እኛ ሳያውቅ ነበርና። ስምንቱ አውራዎችም በፋሲካ ሰሞን ገበያ የመኖውን ወጪ በከፊል መልሰዋል። ከቀሩት አንዲቱ ገብስማ ስለ ሆነች እናቴን ለምኜ ከጎረቤት ቀይ አውራ ጋር አገናኘናት። መምህሬ ግን የእኛ ዶሮ ገብስማነት ከፕሊመዝ ሮክ ጋር አንድ መሆኑ በመልክ ብቻ እንደማይታወቅ፣ የሚታወቀውም በመቍጠር እንደሆነ አስጠነቀቁኝ።

ይህን ስጽፍ ዶሮዋ 11 እንቁላል ታቅፋለች። እስከ 21ኛው ቀን አምስት ቀን ቀርቷል። ነጭ ምልክት ያላቸውን በእግራቸው ላይ ቀይ ክር አስሬ፣ የሌላቸውን ሰማያዊ ክር አስሬ፣ እስኪያድጉ እጠብቃለሁ። ሳጥኑ የተናገረው ቢፈጸምም ባይፈጸምም፣ ቍጥሩን እንዳለ በሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ላይ እንደማቀርብ ለአንባቢያን ቃል እገባለሁ።